አንድ ሚሊዮን አንድ

የሂሳብ አስተማሪዬን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም። እዚሁ አሶሳ አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ሰሌዳው ላይ 1,000,001 ብሎ ጻፈና "ይህ ፕራይም ነው" አለን፤ ከአንድና ከራሱ በቀር ለማንም እኩል የማይካፈል ማለቱ ነው። በዚያ ሳምንት ለጥያቄና መልስ ውድድር ወደ አዲስ አበባ የምሄደው እኔ ነበርኩ። እናቴ ከጎረቤት ሻንጣ ሳይቀር ተውሳልኛለች።

ቤታችን የምንናገረው የበርታ ቋንቋ ስለሆነ አማርኛዬ ያኔ ይሰባበር ነበር። እጄን አውጥቼ "ቲቸር፣ እስከ ስንት ነው የተሞከረ? እስከ ሺህ መሞከር አለ" አልኩት። ሺህ ጊዜ ሺህ ሚሊዮን ነውና አካፋይ ካለው ትንሹ ከሺህ ሊበልጥ አይችልም።

"እስከ ዘጠና ሰባት ሞክሬዋለሁ። ከመቶ በላይ የሚሞክር ሥራ ፈት ነው። ይልቅ አማርኛሽን አስተካክዪ" አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

በዕረፍት ሰዓት ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀመጥኩና እሱ ካቆመበት ቀጥሎ ባለው ፕራይም፣ በ101፣ አካፈልኩት። 9,901 ደረሰ፤ ቀሪ የለውም። አንድ እርምጃ ብቻ ነበር የቀረው! ወረቀቱን ስሰጠው የእጁን ጠመኔ ጠረገበት። በማግስቱ "ሥነ ምግባር የላትም" ብሎ ስሜን ከተወዳዳሪዎቹ ዝርዝር ሰረዘው። ሻንጣውን ለጎረቤት የመለስኩት ራሴ ነኝ።

ዛሬ እኔም እዚሁ ከተማ ሂሳብ አስተምራለሁ። አምና የተማሪዎቼን ስም ስጠራ አንድ የአባት ስም ላይ ስደርስ ደሜ ፈላ፤ የዚያ አስተማሪዬ ልጅ ክፍሌ ገብታለች። ለውድድሩ መምረጫ ፈተና ሳወጣ ያንኑ ቁጥር ጨመርኩበት። የተፈተነው ክፍሉ በሙሉ ነው፤ ዒላማዬ ግን አንዷ ነበረች።

"ፕራይም ነው፤ እስከ መቶ ሞክሬዋለሁ" ብላ ጻፈች። ማን እንዳስተማራት መጠየቅ አላስፈለገኝም። በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አደረግኩበትና ከሥሩ "101 × 9,901፤ ወላጅ አስፈርሚ" ብዬ ጻፍኩ።

በማግስቱ ተፈርሞ መጣ። ወረቀቱን ስገለብጠው በዚያ በማውቀው የእጅ ጽሑፍ ሦስት ጊዜ አካፍሎታል፤ ሦስቱም ጊዜ ቀሪው ዜሮ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ልጅቷ ግን አልሄደችም። "ቲቸር፣ በዚህ ምክንያት ከውድድሩ ወጣሁ?" አለችኝ፣ እንባዋ እየመጣ። በጠቅላላ ውጤቷ አንደኛ ነበረች። ቢሆንም ምክንያት ፈልጌ ላስወጣት እችል ነበር፤ አልዋሽም፣ ለአፍታ አስቤዋለሁ።

"ትሄጃለሽ" አልኳት። "ሻንጣሽን ግን አባትሽ ራሱ ተሸክሞ ያምጣልኝ።"

በጉዞው ቀን መናኸሪያ አመጣው። ሸብቷል። አተኩሮ አየኝና "አንቺ ነሽ?" አለኝ።

"እኔ ነኝ" አልኩት።

ሻንጣውን ሊያቀብለኝ ዘረጋ። አልተቀበልኩትም። አውቶቡሱ ጣራ ላይ ዕቃ የሚጭኑት ሰዎች ተራው እስኪደርሰው ድረስ ተሸክሞ ቆመ፤ እኔም ፊት ለፊቱ ቆሜ አየሁት።