የተማሪ ዳስ በር ላይ

አንኮበር የንጉሥ ከተማ በነበረች ጊዜ፣ የእኛ የቅኔ ተማሪዎች ሽርሽር የንግሥ በዓል ነበር። ተማሪ እንደ እንግዳ ስለሚቆጠር፣ እግሩ የቻለለት ሁሉ ያለ አንዳች ወጪ ሩቅ ደብር ሄዶ አገር ያያል፤ ጠግቦም ይመለሳል። የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለተማሪ በተጣለው ዳስ በር ላይ፣ ራሱ ፈጥሮ የቆጠረውን ባለ ሁለት ስንኝ አዲስ ቅኔ ማሰማት።

በአንድ የማርያም ንግሥ ወደ ደብረ ብርሃን አቅጣጫ ስንጓዝ፣ ከመካከላችን ሴት እኔ ብቻ ነበርሁ። ጓደኞቼ "አንቺ እኮ ከበር ትመለሻለሽ!" እያሉ ያሾፉብኛል። እኔም ቅኔዬ እንዳይጠፋኝ መንገዱን ሙሉ ጮክ ብዬ ደጋገምሁት። ስሕተቴ ይህ ነበር፤ ከዳሱ በር ደርሰን ስንሰለፍ፣ በመንገድ ሲሰማኝ የመጣው ከፊቴ የነበረው ተማሪ ተራው ሲደርስ የእኔኑ ቅኔ አሰማ። ሌላ አልነበረኝም።

በሩን የያዙት ሽማግሌ መሪጌታ "መልካም፤ እስቲ ድገመው" አሉት። ሲደግም ከሁለተኛው ስንኝ አንድ ቃል ጣለ። አላስችል ብሎኝ ከኋላው አረምሁት።

"አንቺ ልጅ፣ በሰው ቅኔ ምን አገባሽ?" አሉኝ መሪጌታው።

"የኔታ፣ የሰው አይደለም" አልሁ በዝግታ።

መሪጌታው ልጁን አዩት። "የእኔ መንገድ ላይ ጠፍቶብኝ ነው፣ የኔታ" ሲል አንገቱን ደፋ።

"መቼም ረኃብ የማያስረሳው የለም" ብለው ሳቁ። "ግቢ ልጄ። አንተም ግባ፤ ግን ከእሷ በታች ተቀመጥ።"

ቀድሜው ገባሁ፤ እፎይታዬን ግን ለማንም አላሳየሁም።