ያልከፈትኩት ጥቅል

ስጦታ በሰጪው ፊት አይከፈትም። ደሴ ስናድግ የተማርነው ይህንን ነው፤ በሁለት እጅ ትቀበያለሽ፣ ጎንበስ ብለሽ ታመሰግኛለሽ፣ ወደ ጓዳ ታስገቢያለሽ። በሰው ፊት መቅደድ የስግብግብ ሥራ ነው። ስቶክሆልም ይህን ያህል ዓመት ኖሬ፣ ስዊድኖች ገና እጃቸው ሳይገባ ወረቀቱን ሲቦጫጭቁ እያየሁ እንኳ አመሌ አልለቀቀኝም። እንዲያውም እኮራበት ነበር፤ ከሥራ ሊያስባርረኝ እስኪደርስ ድረስ።

ሥራዬ ሄምሸንስት፣ ማለትም የቤት ለቤት እንክብካቤ ነው። ፋርስታ በሚባል የስቶክሆልም ሰፈር ከቤት ቤት እየዞርኩ አረጋውያንን አለብሳለሁ፣ መድኃኒታቸውን እሰጣለሁ፣ ቁርስ አቀርባለሁ። ጠዋት ጠዋት ከምሄድባቸው አንዷ ዘጠና ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሴትዮ ነበሩ። ስዊድንኛ አንቱታ ስለሌለው በስማቸው እጠራቸዋለሁ፤ በሆዴ ግን አንቱ ናቸው። አንድ ማክሰኞ ጃኬቴን ስለብስ በቡናማ ወረቀት የተጠቀለለ፣ በሲባጎ የታሰረ ከባድ ነገር አሳቀፉኝ።

«ክፈቺው» አሉኝ።

«ቤቴ እከፍተዋለሁ» አልኩ ጎንበስ ብዬ። የሚቀጥለው ቤት ረፍዶብኛል።

«እንግዲያው ዛሬውኑ ክፈቺው። ስታዪው ይገባሻል።»

እኛ ሠራተኞች ስጦታ መቀበል አይፈቀድልንም። ግን የትልቅ ሰው እጅ እንዴት ይመለሳል? ሮግስቬድ ወዳለው ቤቴ ወስጄ ቁም ሳጥኑ ላይ ሰቀልኩት። ካልከፈትኩት አልተቀበልኩትም ብዬ ራሴን አታለልኩ። ሲዳሰስ ብርድ ልብስ ይመስላል።

በሳምንቱ «ተሳካልሽ?» አሉኝ።

«በጣም ያምራል» አልኩ፣ ደግሞ ቅጥፈቴ እንዳያንስ፣ «ይሞቃልም።»

ትክ ብለው አዩኝ። የያዙትን ዳቦ ሳህኑ ላይ መልሰው ከዚያ በኋላ አልበሉም።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ አለቃዬ አስጠራችኝ። የሴትዮዋ ልጅ እናቱ ቤት ያለውን የታይገር ቆዳ ሊወስድ መጥቶ አጥቶታል። እናቱን ቢጠይቃቸው አፋቸውን ዘግተዋል። ጠዋት ጠዋት የምገባው እኔ ነኝ። «ነገ እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከተመለሰ ለፖሊስ አላመለክትም ብሏል» አለችኝ። አላውቅም አልኩ። ወዲያው ቁም ሳጥኑ ላይ ያለው ጥቅል ትዝ አለኝ።

ቤት እንደገባሁ ሲባጎውን በቢላ ቆረጥኩት። የእኛ አገር ነብር ነጠብጣብ ነው፤ ይሄ በብርቱካንማ ጠጉር ላይ ጥቁር ሸንተረር የወረደበት፣ የእስያው ታይገር ነው፤ ከነጭንቅላቱ። የሳሎኑን ወለል ከሶፋው እስከ በሩ ሞላው። የመስተዋት ዓይኑ እኔን ያያል። በፊት እግሩ በኩል ደብዳቤ ነበር፤ እጅ እየተንቀጠቀጠ የጻፈው ትልልቅ ፊደል።

አባታቸው ሕንድ አገር የገደሉት ነው፤ እሳቸው በልጅነታቸው ጀርባው ላይ እየተኙ መጽሐፍ አንብበዋል። አሁን ልጃቸው ያለ ወረቀት በድብቅ የሚገዛ ሰው አግኝቷል። «ቆዳ በተሸጠ ቁጥር ጫካ ውስጥ ሌላ ጠመንጃ ይነሳል፤ የቀሩት ደግሞ ጥቂት ናቸው» ይላል ደብዳቤው። «እኔ ደረጃ መውረድ አልችልም። የዱር አራዊት ጉዳይ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አስረክቢልኝ።»

ያኔ የዚያ ጠዋት አስተያየታቸው ገባኝ። እኔ አንጥፌው የምተኛበት መስሏቸዋል። እንዲያም ሆኖ ለልጃቸው ስሜን አላነሱም። አፈርኩ፤ በጣም አፈርኩ።

ባለቤቴ ከአውቶቡስ ሥራው ሲገባ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ።

«ያ ሰላም! ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ነገርኩት። «መልሽለት» አለ። «የእናትና የልጅ ጉዳይ ነው፣ አንቺ ምን ቤት ነሽ? ደብዳቤውን ለአለቃሽ አሳያት፣ ቆዳውን ለልጁ ስጪ፣ አለቀ።»

«ከዚያ ይሸጠዋል።»

«ይሽጠው! ስምሽ ፖሊስ ጋ ከገባ ማን ይቀጥርሻል?»

እውነቱን ነበር፤ ለዚህ ነው የጮህኩበት። ወሎ በሰርግና በበዓል የነብር ቆዳ ትከሻቸው ላይ የጣሉ ወንዶች አይቼ እልል ብያለሁ። ነብሮቹስ ወዴት ሄዱ ብዬ ግን አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። ከዚህ ወለል ላይ ካለው ጋር ተፋጥጬ መጀመሪያ ያሰብኩት ይህንኑ ጥያቄ ነው።

በማግስቱ ደብዳቤውን በስልኬ አንስቼ፣ ቆዳውን ሻንጣ ውስጥ አጣጥፌ ባቡር ተሳፈርኩ። ዚፑ አልዘጋ ብሎ ጠጉሩ ይታያል፤ ጃኬቴን አውልቄ ከደንኩት። የአንዲት ሴት ውሻ ሻንጣውን አሽትቶ ማላዘን ሲጀምር እስከሚቀጥለው ጣቢያ በእግሬ ከለልኩት። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ጓንት ያደረገ ሰውዬ ቆዳውን ለካ፣ መዳፎቹን አንድ በአንድ ገለበጠ።

«አንድ ጥፍር ይጎድላል» አለ ቀና ብሎ እያየኝ። «የት ነው?»

«አላውቅም» አልኩ። ያመነኝ አልመሰለኝም፤ ግን መዝግቦ ደረሰኝ ሰጠኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረሰኙንና ደብዳቤውን አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። እዚያው ይጠብቅ የነበረው የሴትዮዋ ልጅ የእናቱን የእጅ ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበበ፣ ፊቱ ቀላ፣ ቻው እንኳ ሳይል ወጣ። ሥራዬ ተረፈ። ስጦታ በመቀበሌ ግን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፣ ያ ቤትም ለሌላ ሠራተኛ ተሰጠ። አለቃዬን ልወቅሳት አልችልም።

ግንቦት ላይ ሴትዮዋ ፋርስታ አደባባይ በተሽከርካሪ መደገፊያቸው ቀስ እያሉ ሲመጡ አየኋቸው። አዲሷ ሠራተኛ ከኋላቸው ናት።

«በጣም ያምራል፣ ይሞቃልም» አሉኝ፣ በዓይናቸው እየሳቁ። ከዚያ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው በመሀረብ የተቋጠረ ትንሽ ነገር ዘረጉልኝ።

ማስጠንቀቂያው ትዝ አለኝ። ሠራተኛዋ እያየችን ነው። ቢሆንም በሁለት እጄ ተቀበልኩና እዚያው ፊታቸው ፈታሁት። በብር የታሰረ፣ ቢጫ የሆነ ጥፍር ነው፤ ሰንሰለት ማስገቢያ አለው።

«ከልጅነቴ ጀምሮ አንገቴ ላይ ነበር» አሉ። «እሱን ብቻ ለራሴ ላስቀር ብዬ ነበር። ይሄንንም አድርሺልኝ።»

አድርሺልኝ ይበሉ እንጂ፣ የመሀረቡን ጫፍ ጨብጠው ይዘዋል። አልጎተትኩም። እስኪለቁት ድረስ ቆሜ ጠበቅኩ።