መርዶ ነጋሪው እና የሰሜኑ ጉም

የሎስ አንጀለሱ የፌርፋክስ ሠፈር ሐበሻ ጋሽ ብርሃነመስቀልን ይወዳቸዋል፣ ይፈራቸዋልም። የሚወዳቸው ተጫዋችና ለሰው ደራሽ ስለሆኑ ነው። የሚፈራቸው ደግሞ እዚህ ከተማ መርዶ የሚያረዱት እሳቸው ስለሆኑ ነው። የአንዱ እናት አዲስ አበባ ላይ ሲያርፉ ስልኩ የሚደወለው ለልጃቸው ሳይሆን ለጋሽ ብርሃነመስቀል ነው። እሳቸውም ወሬውን በሆዳቸው ይዘው ያድሩና ጎህ ሲቀድ ጥቁር ሱፋቸውን ለብሰው፣ የልብ ወዳጃቸውን ጋሽ ጉግሳን አስከትለው ይሄዳሉ።

ሥራው ሥርዓት አለው። መኪና ደጃፍ ላይ አይቆምም፤ ባለቤቱ በመስኮት አይቶ ብቻውን እንዳይደነግጥ ጥግ ዞሮ ነው የሚቆመው። ገብተው እሳቸው አይቀመጡም። ሰውየውን ግን ያስቀምጡታል፤ መነጽር ካደረገ ያስወልቁታል፤ ብርጭቆና ትኩስ ነገር ከአጠገቡ ያነሣሉ። ከዚያ ሳያስረዝሙ ይናገራሉ። ተናግረውም አይሄዱም፤ አብረው ያለቅሳሉ፣ አብረው ይውላሉ።

ማንም ሹመት አልሰጣቸውም። በወጣትነታቸው ለትምህርት መጥተው፣ ዕድሜያቸውን በበርባንክ አውሮፕላን ማረፊያ በኤሌክትሪክ ሠራተኛነት ፈጅተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ድሮ ሰዉ ሁሉ እምቢ ሲል ጨክነው ለአንዲት ተማሪ የአባቷን ሞት ነገሩ። በደንብ ነገሯት። ከዚያ ወዲህ ሥራው እሳቸው ላይ ተለጥፎ ቀረ።

ከዚህ የተነሣ በደህና ቀን ሰው ቤት መሄድ አይሆንላቸውም። ፌርፋክስ ላይ የቅመም ሱቅ ያላቸው እትዬ ሙሉዬ ዘንድ አንድ ቀን በማለዳ ከጓሯቸው የለቀሙትን ሎሚ ይዘው ቢሄዱ፣ እትዬ ሙሉዬ በበሩ ቀዳዳ አይተዋቸው ሳይከፍቱ እሪ አሉ። ጋሽ ብርሃነመስቀል ከውጭ ሆነው «ሎሚ ነው! ሎሚ ነው የያዝኩት!» እያሉ ሲጮኹ ጎረቤቱ ሁሉ በፒጃማ ወጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስልክ ሲደውሉ ከሰላምታ በፊት «ሰላም ነው፣ ምንም የለም» ይላሉ። ልጃቸው ሊያ እንኳ ኮሌጅ እያለች «አባዬ፣ መጀመሪያ ሃይ በለኝ እንጂ!» እያለች ትስቅባቸው ነበር።

ሊያ አንድ ልጃቸው ናት። እናቷ ካረፈች ወዲህ ሁለቱ ብቻ ናቸው። እዚሁ ተወልዳ፣ እዚሁ ነርስ ሆና፣ ሳንታ ሞኒካ ደህና ሥራ ይዛ ሳለ ምን እንደነካት እንጃ፣ ከአላስካ ሰሜን ጫፍ፣ ከዚያ ወዲያ ባሕርና በረዶ ብቻ ካለበት ከተማ፣ ክሊኒክ ውስጥ ለአንድ ዓመት ልትሠራ ፈረመች። አባቷ ተቆጡ፣ አኮረፉ፣ በመጨረሻም ወፍራም ካልሲ ገዝተው ሸኟት።

ከዚያ በኋላ የአየር ጠባይ የመከታተል አባዜ ያዛቸው። ስልካቸው ላይ ከሎስ አንጀለስ ሥር የሊያን ከተማ ጨመሩ። የሎስ አንጀለሱን እንኳ አያዩትም፤ ፀሐይ፣ ፀሐይ፣ ፀሐይ ነው፣ ምኑ ይነበባል። የዚያችኛዋን ግን ጠዋት ጠዋት ጡረተኞቹ ሻይ ከሚጠጡበት ካፌ ተቀምጠው ጮክ ብለው ያነባሉ፦ «ጠዋት ጉም፣ ቀትር ላይ ብራ፣ ማታ በረዶ! በጁላይ! እነሱ ሰመር ይሉታል፤ ይሄማ ለይቶለት የኛ ክረምት ነው።» ጋሽ ጉግሳ ጋዜጣቸውን አጥፈው «የአላስካው ሬዲዮ ሥርጭቱን ጀመረ» ይላሉ። ሰዉ ይስቃል። ጋሽ ብርሃነመስቀልም አብረው ይስቃሉ፤ ማንበባቸውን ግን አይተዉም።

ሊያ የምትደውለው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። «አባዬ፣ እዚህ ፎርካስት የሚያምን ሰው የለም» ትላቸዋለች። ጠዋት ጃኬቷን ክንዷ ላይ ጣል አድርጋ ትወጣለች፤ ክሊኒኩ ሳትደርስ ጉሙ ከባሕሩ ተነሥቶ መንገዱን ይውጠዋል። ምሳ ሰዓት ላይ ብራ ይሆንና ሰዉ በቲሸርት ይፈሳል። ከሥራ ስትወጣ ደግሞ በረዶ ፊት ፊቷን እያላት ቤቷ ትገባለች። ቤቶቹ እግር አላቸው፤ መሬቱ ከሥር በረዶ ስለሆነ በእነዚህ ወራት ላይ ላዩ እየቀለጠ ጭቃ ይሆናል። ፀሐይዋም ጭራሽ አትጠልቅም። ሊያ መስኮቷን በፎይል ሸፍና ስትተኛ የሠፈሩ ልጆች እኩለ ሌሊት ላይ ብስክሌት ይነዳሉ፤ ግቡ ብሎ የሚቆጣቸው የለም። ከሌላው አገር የሚያገናኝ መንገድ ስለሌለ ቲማቲም እንኳ በአውሮፕላን ነው የሚመጣው፤ ጉም ከሆነ አውሮፕላን የለም፣ አውሮፕላን ከሌለ ቲማቲም የለም። አባቷ የላኩላት ሽሮና በርበሬ ጉም ይዞት ስንት ጊዜ መንገድ ላይ ሰነበተ። አንዲት የምታክማቸውን ባልቴት «ነገ አየሩ እንዴት ይሆናል?» ብላ ብትጠይቃቸው «ነገ ጠይቂኝ» አሏት።

ጋሽ ብርሃነመስቀል ይህን ሲሰሙ ይስቁና ስልኩን ከዘጉ በኋላ ደስ አይላቸውም። ሰማዩ የማይታመን አገር ልጅ ልኮ መተኛት ከባድ ነው።

በጁላይ አንድ ሐሙስ ሊያ ከቀኗ ውጭ ደወለች። «ነገ በትንሿ አውሮፕላን ወደ አንድ መንደር እሄዳለሁ፣ ልጆች ልንከትብ። ቅዳሜ እመለሳለሁ። ሶ፣ ቅዳሜ ስልክህ አጠገብ ሁን፤ የምነግርህ ነገር አለ።»

«ምንድን ነው?»

«ቅዳሜ አልኩህ እኮ! አትጨነቅ፣ ኦኬ?»

ለእሳቸው አትጨነቅ ማለት ጀምር ማለት ነው።

ቅዳሜ ስልኩ አልጮኸም። ቀትር ላይ ራሳቸው ደወሉ፤ አይጠራም። ክሊኒኩ ደወሉ፤ እሱም አይጠራም። ያች ከተማ ጠዋት ስልካቸው ላይ «ጉም፣ ኃይለኛ ነፋስ» ትል ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ትንበያዋ የሚጻፍበት መስመር ባዶ ሆነ። ዕድሜያቸውን አውሮፕላን ማረፊያ ያሳለፉ ሰው ናቸው፤ ጉምና ትንሽ አውሮፕላን ሲገናኙ ምን እንደሚሆን አስረጂ አያስፈልጋቸውም። ምሳቸውን ሳይቀምሱ መሸ።

ጭንቀታቸውን ሊያካፍሉ ለጋሽ ጉግሳ ደወሉ። ጋሽ ጉግሳ ግን አላስወሯቸውም። «እ... ብርሃኔ፣ አሁን ሥራ ላይ ነኝ። ነገ ጠዋት ቤት ነህ አይደል? እንገናኛለን» ብለው ዘጉ። ጋሽ ጉግሳ ሥራ ካቆሙ ዘመናት አልፈዋል። እትዬ ሙሉዬ ዘንድ ደወሉ፤ አላነሡም።

ያን ጊዜ የጋሽ ጉግሳ ድምፅ ትዝ አላቸው። ይህን ድምፅ ያውቁታል። ወሬ በሆዱ የያዘ ሰው ድምፅ ነው። እሳቸው ራሳቸው ስንቱን «ነገ ቤት ነህ?» ብለው ዘግተውበታል! መርዶ ሁሉም ዘንድ ደርሶ ባለቤቱ ዘንድ የሚደርሰው መጨረሻ ነው። ሰው ሁሉ ሰምቷል፤ ያልሰሙት እሳቸው ናቸው። ያንን ሌሊት ልብሳቸውን ሳያወልቁ ሶፋ ላይ ተቀምጠው አነጉት።

ጎህ ሲቀድ በመስኮት አዩ። ደጃፉ ላይ መኪና የለም። ከጥጉ ዞረው ሦስት ሰዎች በእግራቸው ይመጣሉ። ፊት ፊት ጋሽ ጉግሳ፣ ለመርዶ የሚለብሱትን ጥቁር ሱፍ ለብሰው። ከኋላ ለትንሽ ነገር ከቤት የማይወጡት የቤተ ክርስቲያኑ አንጋፋ ጋሽ ፍሬው። በመጨረሻ እትዬ ሙሉዬ፣ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ አንገታቸውን ደፍተው።

በሩን ከፈቱላቸው። «ግቡ» አሉ። ገቡ። «ተቀመጡ» አሉ።

«አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ጉግሳ ዓይናቸውን ሳያነሡ። «የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም።»

ጋሽ ብርሃነመስቀል ሌላ ማስረጃ አልፈለጉም። ወንበር ስበው ራሳቸው ተቀመጡ። መነጽራቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱ። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የሻይ ብርጭቆ አንሥተው ራቅ አድርገው ወለሉ ላይ አኖሩ። ለስንት ሰው ያደረጉትን ለራሳቸው አደረጉ። ከዚያ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው ቀና አሉ።

ሦስቱ እርስ በርስ ተያዩ። እንግዳ አቁሞ የሚቀመጥ ባለቤት አይተው አያውቁም። ጋሽ ፍሬው ግን የተዘጋጁበት ንግግር ስለነበራቸው ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ፦ «ልጅ የእግዚአብሔር ስጦታ ናት። ይሰጠናል፣ እናሳድጋለን፤ ጊዜው ሲደርስ ደግሞ ከአባቷ ቤት ትወጣለች። አባት ቢከፋውም፣ ሆዱ ባይችልም፣ የፈጣሪ ሥርዓት ነውና...»

«አታስረዝሙት!» አሉ ጋሽ ብርሃነመስቀል። ድምፃቸው የሌላ ሰው መሰለ። «እኔ በሰው ላይ አስረዝሜ አላውቅም። አውሮፕላኑ ነው? አስከሬኗ ተገኘ?»

የጋሽ ፍሬው አፍ እንደተከፈተ ቀረ።

«የማን አስከሬን?» አሉ እትዬ ሙሉዬ።

ጋሽ ጉግሳ መነጽር የሌለውን የወዳጃቸውን ፊት አዩ። ወለሉ ላይ ያለውን ብርጭቆ አዩ። ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ወይኔ ብርሃኔ! ሽምግልና ነው! ለጋብቻ ነው የመጣነው፤ ሊያን ለዮፍታሔ፣ ለፍሬው የእህት ልጅ! ትናንት ልትነግርህ አልነበረም እንዴ?»

ዮፍታሔ ማለት ፓሳዴና የሚሠራው፣ ሊያ ከሄደች ወዲህ «ጋሼ፣ ሎሚ ልልቀም» እያለ በየሳምንቱ የሚመጣው ልጅ ነው። ያ ሁሉ ሎሚ የት እንደሚገባ ጋሽ ብርሃነመስቀል አንዳንዴ ይገርማቸው ነበር።

አለቀሱ። እንደ ሕፃን ነው ያለቀሱት፣ አላፈሩምም። እትዬ ሙሉዬ አንገታቸውን አቅፈው «እሰይ፣ እንኳን ሌላ አልሆነ» እያሉ አብረው አለቀሱ።

«መኪናውን ለምን ጥግ አቆምከው?» አሉ ጋሽ ብርሃነመስቀል እንባቸውን እየጠረጉ።

«ልማድ ሆኖብኝ እኮ ነው!»

«ሱፉስ?»

«ሌላ ሱፍ የት አለኝ?»

ሳቁ። ሳቁ ግን ዕድሜ አልነበረውም። ጋሽ ብርሃነመስቀል ወደ ስልካቸው አዩ። መርዶ አልመጣም፤ ሊያም ግን አልደወለችም። ስለ መንደሩ፣ ስለ ትንሿ አውሮፕላን፣ ከትናንት ጀምሮ ስለጠፋው መስመር ነገሯቸው። አሁን የገረጡት ሦስቱ ሆኑ። ጋሽ ፍሬው የጸሎት ቃል ጀመሩ። አራቱም ስልኩን እያዩ ቆዩ፤ ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ፣ መቀመጥ የሚባል ነገር ያስታወሰ የለም።

ስልኩ ጮኸ። የማያውቁት ረጅም ቁጥር ነው። ጋሽ ብርሃነመስቀል አነሡት።

«አባዬ» አለ የሊያ ድምፅ፣ «ሰላም ነው፣ ምንም የለም።»

ስንት ዓመት ለሰው ሲሉት የኖሩትን ቃል ምን ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ ነው ያወቁት።

ሊያ ትጣደፋለች። «የትምህርት ቤቱ የሳተላይት ስልክ ነው፣ ከኋላዬ ሰልፍ አለ። አውሮፕላኑ ሊወስደን አልመጣም፤ ጉሙ እጅህን አያሳይህም ነበር። ነፋሱ ደግሞ የአካባቢውን መስመር በሙሉ ቆረጠው። ጂም ውስጥ ወለል ላይ ተኛን፤ የመንደሩ ሰዎች የዓሣ ሾርባ እያመጡ ሲያበሉን አመሹ። አይ ኖው ተጨንቀሃል። ሊስን፣ ትናንት ልነግርህ የነበረው፣ ዛሬ ጠዋት እነ ጋሽ ጉግሳ ይመጣሉ...»

«መጥተዋል።»

«ኦ ማይ ጋድ። እና?»

«ቆመዋል።»

«አንድ ደቂቃ!» አለች ሊያ ከኋላዋ ለተሰለፉት።

«ትወጂዋለሽ?» አሉ አባቷ።

«አዎ፣ አባዬ።»

በወጉ ቢሆን የሴት ልጅ አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም። ዘመድ ላማክር ይላል፤ ሽማግሌ ያመላልሳል። ጋሽ ፍሬው ለዚሁ ብለው ቀጣዮቹን እሑዶች ነጻ አድርገው ነበር የመጡት። ጋሽ ብርሃነመስቀል መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አደረጉና ሦስቱን ተራ በተራ አዩአቸው።

«ተቀመጡ» አሉ።

«እንዴ!» አሉ ጋሽ ፍሬው፣ ቅር እንዳላቸው ሁሉ። «ቀጠሮ እንኳ ሳትሰጠን እሺ አልከን?»

«ተቀመጡ አልኩ እኮ! ሰው እላዬ ላይ ቆሞ ሲያየኝ ዛሬ አልችልም።»

ተሯሩጠው ተቀመጡ። ጋሽ ጉግሳ ወንበር ሲስቡ ወለሉ ላይ ያለውን ብርጭቆ በጫማቸው መቱት፤ ተሰበረ፣ ሻዩ እስከ ምንጣፉ ፈሰሰ። እትዬ ሙሉዬ እልል አሉ።

«አባዬ፣ ምንድን ነው የተሰበረው?» አለች ሊያ ደንግጣ።

«ሰላም ነው፣ ምንም የለም» አሉ አባቷ። «አየሩ እንዴት ነው?»

«አሁን ብራ ነው» አለች። «ስልኩን ስዘጋ ግን እንጃ።»