ክኒኔን ያሳረፈችልኝ የባሌ እህት

የባሌ ታላቅ እህት የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ነሐሴ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ክኒኔን ከመኝታ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ አንስታ ወሰደች። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ ፊት ለፊት አንቱ እላታለሁ። እዚህ ግን የምጽፈው እኔ ስለሆንኩ እሷ እላታለሁ።

የሕመሜን ስም አልናገርም። የተኛሁበት ሆስፒታል የት እንደሆነም አልናገርም። ሠላሳ አንድ ዓመት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማስተማሬን፣ ባሌ መሞቱን፣ ሌሞ ውስጥ ከሆሳዕና በጋሪ ሩቅ ያልሆነ የራሴ ቤትና የራሴ የእንሰት ጓሮ እንዳለኝ ማወቅ ይበቃል። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ተኝቼ ነበር። የሁለቱን ምክንያት ለራሴ አስቀርቼዋለሁ። ሦስተኛውን ግን ባለቤቱ እንዲታወቅ እፈልጋለሁ።

ከሁለተኛው ስወጣ ጤናዬ ጥሩ ነበር። ክኒኑን ጠዋት አንድ ማታ አንድ እወስዳለሁ፣ እተኛለሁ፣ እበላለሁ። አንድ ችግር ብቻ ነበረው፤ እጄ ይዘገያል። እንሰት ፍቆ የማያውቅ ሰው ይህ ምን ችግር ነው ሊል ይችላል። በእኛ ሰፈር ግን ሴት የምትመሰገነው በፍቂያዋ ነው። የእንሰቱን ልጥ ጣውላው ላይ በእግርሽ ተጭነሽ ይዘሽ በቀርከሃው መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ስትገፊው ነጩ ይወርዳል፣ ቃጫው እጅሽ ላይ ይቀራል። እኔ ከመታመሜ በፊት ሌላዋ አንድ ስትጨርስ ሁለት እጨርስ ነበር። የምኩራራ ከመሰላችሁ ምስክር አለኝ፤ ምስክሬም እሷው የባሌ እህት ናት።

በዚያ ዓመት ሴት ልጇን ለጊምቢቹ ሰዎች ድራ ስለነበር፣ አማቾቿ ለመስቀል ሊመጡ ነበር። በእኛ አገር ለመስቀል እንግዳ አተካና ይቀርባል። ከቡላ፣ ከወተትና ከቅቤ የሚሠራ ምግብ ነው፤ ቡላው መጥፎ ከሆነ በቅቤ ቢያጥለቀልቁትም እንግዳው ያውቃል። ጥሩ ቡላ ለማውጣት ደግሞ ብዙ እንሰት መፋቅና መጨመቅ አለበት። እሷ አሥራ ስምንት እንሰት አዘጋጅታ የሰፈሩን ሴቶች በደቦ ጠራች። እኔንም ጠራችኝ።

በመጀመሪያው ቀን አጠገቤ ተቀምጣ እጄን ስታይ ቆየች።

«እጅሽ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚጎተተው?»

«ክኒኑ ነው» አልኳት።

«ይህን ሁሉ ጊዜ ስትውጪ ከርመሽ አልጠገብሽም? ደህና ነሽ እኮ። እስከ መስቀል ይረፍ። አንቺም ከእሱ እረፊ፣ እሱም ከአንቺ ይረፍ።»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ለምን እሺ እንዳልኩ ልናገርና ከዚህ በላይ አትጠይቁኝ። ያለፈውን ዓመት ሙሉ «አንቺ አረፍ በይ» እያሉ ከጓሮው ዶሮ ከማባረር በቀር ሥራ አልሰጡኝም ነበር። ከእነሱ መሃል ተቀምጬ እኩል መፋቅ አማረኝ። በእኔ በኩል ያለው ጥፋት ይህን ያህል ነው። በዚያው ቀን ቤቴ ገብታ የክኒኑን ፓኬት አነሳችና ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው።

ጥቂት ቀናት እንዳለፉ እጄ ተመለሰ። እውነት ለመናገር ደስ የሚል ጊዜ ነበር። ሴቶቹ «ቲቸር ማሽን ገጠመች» እያሉ ይቀልዱብኛል፤ እኔ ደግሞ የቀደምኳትን ሁሉ «ዘንድሮም ክፍል ትደግሚያለሽ» እላለሁ። አሥራ ስምንቱም አለቁ። ቡላው እንደ ጠመኔ ነጭ ሆኖ ወጣ። ያን ጊዜ ክኒኔን ጠየቅኋት።

«ለመስቀል ስንት ቀን ቀረው? ምን አስቸኮለሽ?» አለችኝ።

መስቀል ሲቃረብ እንቅልፍ ጠፋ። እንቅልፍ ከጠፋ በኋላ ያለውን በሙሉ አላስታውስም፤ የማስታውሰውንም በሙሉ አልጽፍም። አንዱን ግን ስለማላፍርበት እነግራችኋለሁ። አንድ ጠዋት መንገድ ዳር ቆሜ በጋሪም በእግርም ወደ ገበያ ለሚሄዱ ሰዎች የማባዛት ሠንጠረዥ አስተማርኩ። ከሁለት ጀምሬ አሥራ ሁለት ደርሻለሁ። በኋላ ከሰሙኝ ሰዎች አጣርቻለሁ፤ አንድም ስህተት አልነበረኝም። አንድ ባለ ጋሪ ቆሞ ሰባትን አስደግሞኛል አሉ።

የጊምቢቹ አማቾች አተካናውን ሲበሉ እኔ ሆስፒታል ነበርኩ።

ተሽሎኝ ልወጣ ስል ነርሷ ወረቀት ይዛ መጣች። ይህችን ልጅ አራተኛ ክፍል አስተምሬያታለሁ፤ ዛሬ ሁሉም ሲስተር ይላታል፣ እሷ ግን እኔን ቲቸር ትለኛለች። ወጥተው ተመልሰው የሚተኙ ሰዎች ለምን እንደተመለሱ የሚሞላበት ቅጽ ነበር። ከማን ጋር ይኖራሉ፣ ሥራ አለዎት ወይ፣ ክትትል ይመጡ ነበር ወይ ትለኛለች። መምህር የተገለበጠ ጽሑፍ ማንበብ ይችላል። ከጠረጴዛው ማዶ ሆኜ ስመለከት፣ መድኃኒት የሚለው መስመር ስገባ ጊዜ ተሞልቷል፤ «ታካሚዋ በራሷ ፈቃድ አቋርጣለች» ይላል።

«ይህን ማን ነገረሽ?»

«ያስታመሙዎት እማማ፣ የባልዎ እህት ናቸው። ስንሰጣት ትተፋዋለች አሉኝ።»

ዕድሜዬን በሙሉ ሌላ ሰው ላይ ኤክስ ሳደርግ የኖርኩ ሴት፣ ባልሠራሁት ጥያቄ ኤክስ ተደረገብኝ። አይደለም አልኩ። ነርሷ በሀዘኔታ አየችኝ። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ እውነት ከእኔ አፍ ሲወጣ ሰው እንደዚያ ያየኛል።

ሊያስወጣኝ ከአዲስ አበባ የመጣው ልጄም እንደዚያው ነበር። አንድ ልጄ ነው፣ ቢሮ ይሠራል፣ የተጻፈ ነገር ያምናል።

«እማዬ፣ ለምን አቆምሽ?»

«አላቆምኩም።»

«ተጽፏል እኮ።»

ከዚያ ፈረደ። ከእንግዲህ ክኒኑን አክስቴ ትይዝልሻለች አለ። አንድ ጊዜ ደግመሽ ከተኛሽ ደግሞ ቤቱን ዘግተን ከእኔ ጋር ትኖሪያለሽ አለ። የእሱ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ኮንዶሚኒየም ነው። አንድ ጊዜ ሄጄ አይቼዋለሁ፤ በመስኮቱ የሚታየው የሌላ ሰው መስኮት ነው።

ክኒኔን የወሰደችው ሴት እንግዲህ የክኒኔ ጠባቂ ሆና ተሾመች። ነሐሴ እንደገና ይመጣል፣ እንሰት ይፋቃል፣ እሷ ክኒኑን ታሳርፈዋለች፣ እኔም ከቤቴ እወጣለሁ። ይህ ቢነገረው የማይገባው ሰው አልነበረም፤ የሚሰማኝ ነበር የጠፋው። ብጮህ ደግሞ «ተነሳባት» ይባላል። ሌላ ሰው ሲቆጣ ተቆጣ ነው የሚባለው። ስለዚህ አልጮህኩም። ለመጀመሪያው ክትትል እስከምንሄድ ድረስ ጠበቅሁ።

ኅዳር ላይ እኔና የባሌ እህት ከመናኸሪያ ሚኒባስ ይዘን ሄድን። ነርሷ መድኃኒቱን ማን እንደሚሰጠኝ ጠየቀች።

«እኔ ነኝ። በሰዓቱ» አለች እሷ። አማርኛ ስትናገር ትጠነቀቃለች፣ ቃል ትመርጣለች። በሀዲይኛ ግን ፍሬን የላትም። ነርሷ ያገራችን ልጅ ስለሆነች ወሬውን በሀዲይኛ ቀየርኩት።

«የእናንተ ቤት የመስቀል ቡላ እንዴት ነበር?» አልኳት ነርሷን።

«ዘንድሮ ጥቁር ወጣብን ቲቸር። እናቴ እስካሁን ታዝናለች።»

«የእሳቸውን ብታዪ ኖሮ። አሥራ ስምንት እንሰት ነው የተፋቀው።»

የባሌ እህት ቀና ብላ ተቀመጠች። አማቾቿ ሦስት ጊዜ እንዳስደገሙ፣ የጊምቢቹ ሴቶች ቡላውን በጣታቸው እየነኩ ከየት እንደመጣ እንደጠየቁ ተረከች።

«አሥራ ስምንቱን ማን ፋቀው?» አለች ነርሷ።

«ግማሹን እሷ ናት» አለች ወደ እኔ እያመለከተች። «እንደሷ ያለ እጅ በሌሞ የለም። መጀመሪያ ላይ እንደ ኤሊ ነበረች። ክኒኑን ባሳርፍላት ነው እጇ የተፈታው።»

የነርሷ እስክሪብቶ ቆመ። «እማማ፣ ማን ነው ያሳረፈው?»

«እኔ ነኛ። ሌላ ማን ያስብላታል?»

ተማሪ ትክክለኛውን መልስ እየሰጠ መምህር አያቋርጥም።

ነርሷ አልተቆጣቻትም፤ ይህን እስከ ዛሬ አልወደድኩትም። ብዙ ቤተሰብ እንዲህ እንደሚያደርግ በረጋ መንፈስ ነገረቻት። ሰው ሲሻለው ዳነ ብሎ ያስቆማል፣ ሥራ ሲበዛ ያስቆማል፣ ሠርግ ሲደርስ ያስቆማል፤ ከዚያ በሽተኛው ይመለሳል፣ ስሙም መድኃኒት የማይወስድ ይባላል።

«ታዲያ ለክፋት ነው እንዴ?» አለች የባሌ እህት።

«ለክፋትስ አይደለም» አልኳት። «ለቡላ ነው።»

ነርሷ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። የባሌ እህት አልሳቀችም። ከዚያ ነርሷ ወደ እኔ ዞራ «ቲቸር፣ እጅዎ እንደሚዘገይ ለምን አልነገሩንም? የሚቀየር መድኃኒት አለ እኮ» አለችኝ። ሐኪሙ በዚያው ቀን ክኒኑን ቀየረልኝ። ነርሷም ቅጹን አውጥታ የድሮውን መስመር ሰረዘችና «በቤተሰብ ውሳኔ የተቋረጠ» ብላ ጻፈችበት። መድኃኒቱን ራሴ እንድይዝም አብራ ጻፈች።

ወረቀቱን በስልኬ ፎቶ አንስቼ ለልጄ ላክሁለት። ክኒኑን ራሴ ተረከብኩ። ከዚያ ወዲህ ክትትል ብቻዬን እሄዳለሁ፤ ደግሜ አልተኛሁም፤ የምኖረው በቤቴ ነው። ባለፈው መስቀል የባሌ እህት ጠርታኝ ሄድኩ። አተካናውን በላሁ፣ ቡላው ሻካራ ነው አልኳት፣ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።