ጠፍጣፋዋ ጥይትና የእማማ አስካለ ዳቦ

ይህ የደረሰብኝ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ ስቶክሆልም ውስጥ ነው። ያኔ አጥንቴ ድረስ ደክሞኝ ነበር። ያን ጠዋት እስከ ዛሬ ያልረሳሁትም ለዚህ ይመስለኛል።

ወደ ስዊድን የመጣሁት ስለ ደን ለመማር ነው። ተማርኩ፣ ተመረቅኩ፣ እስኪሰለቸኝ ድረስ የሥራ ማመልከቻ ጻፍኩ። በመጨረሻ ያገኘሁት ሥራ ጥንቸል መግደል ሆነ። ከከተማዋ ደቡብ ካለው ፋርስታ ከሚባል ሰፈር ብዙም በማይርቅ አንድ ትልቅ የመቃብር ቦታ የዱር ጥንቸሎች ተራብተው፣ ሐዘንተኛ ያስቀመጠውን አበባ ገና አውቶቡስ ሳይሳፈር ይጨርሱት ነበር። የቀጠረኝ ድርጅት ፈቃድ አውጥቶ፣ የአየር ጠመንጃ አስይዞ በማለዳ ይልከኛል። የአገሬ ሰው ሥራህ ምንድን ነው ሲለኝ፣ ከአትክልት ጋር የተያያዘ ነው እላለሁ። ውሸትም አይደለም።

የአየር ጠመንጃ ጥይት ከሽንብራ የምታንስ እርሳስ ናት። ጫፏ ግን ዓይነት ዓይነት አለው፤ ጠፍጣፋ አለ፣ ድቡልቡል አለ፣ ሹል አለ። በዚያ ሰሞን አለቃዬ ሹሉን አዘዘልን። ሹል ነገር የበለጠ ይገድላል ብዬ እኔም አምኜ ነበር። አንዲት ጥንቸል ተመትታ፣ የኋላ እግሯን እየጎተተች ጉድጓዷ ስትገባ ካየሁ በኋላ ግን እንቅልፍ አጣሁ።

ስለዚህ አንድ ቀን ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ውኃ የጠጣ የልብስ ሳሙና ደርድሬ ሦስቱንም ሞከርኳቸው። ሹሉ ሳሙናውን እንደ መርፌ በስቶት ያልፋል፤ ራቅ ሲል ደግሞ ዒላማውን ይስታል። ድቡልቡሉ ከሩቅም ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ጠልቆም ይገባል። ጠፍጣፋው በርቀት አይታመንም፤ በቅርብ ግን ሰፊ ቀዳዳ ቦርቡሮ ጉልበቱን ሁሉ እዚያው ይጨርሳል። ጭንቅላቷን ካገኛት ጥንቸሏ መሞቷንም አታውቅም። ከዚያ ወዲያ ለሩቁ ድቡልቡሉን፣ ለቅርቡ ጠፍጣፋውን ያዝኩ። ደን ተምሬ የደረስኩበት ምርምር ይኸው ነው።

አንድ ሰኞ አለቃዬ የመቃብሩን አንድ ጥግ ለይቶ አሳየኝ። እዚያ ጥንቸሉ በዝቷል፣ ሰውም እየተቆጣ ነው፤ በሳምንቱ ውስጥ ካላጸዳኸው ባልደረባህን እልካለሁ አለኝ። ባልደረባዬ ሹሉን ጥይት ነበር የሚወደው።

በማግስቱ ገና ሲነጋ ሄጄ አንድ ዛፍ ተጠግቼ ተቀመጥኩ። ጉልበቴን ያመኛል፣ ሆዴም ባዶ ነው። ጥንቸሎቹ ወጡ። የገረመኝ ግን ሁሉም አንድ መቃብር ዙሪያ ተሰብስበው፣ እህል እንደሚጠብቁ ዶሮዎች መቆማቸው ነው። በድንጋዩ ላይ የተጻፈው ስም በእኛ ፊደል ነበር።

ወዲያው አንዲት እናት በወፍራም ካፖርታቸው ላይ ነጠላ ጣል አድርገው መጡ። ከፌስታል ዳቦ አውጥተው፣ በከንፈራቸው የሆነ ነገር እያሉ ለጥንቸሎቹ መቁረስ ጀመሩ። ጠመንጃዬን አወረድኩ።

ከዛፉ ሥር ስወጣ ክው አሉ። ቶሎ ብዬ በአማርኛ እንደምን አደሩ አልኳቸው። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አበሻ ነህ እንዴ አሉኝ። ስማቸው አስካለ ነው። መቃብሩ የባላቸው ነው፤ የሞቱት በዚያው ክረምት ነበር። የሚኖሩት በከተማው ሌላ ጫፍ፣ ቬሊንግቢ፣ ልጃቸው ዘንድ ሲሆን፣ በየሳምንቱ በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ በቱነልባና፣ ከተማውን አቋርጠው ይመጣሉ። ዳቦውን ለምን ለጥንቸል እንደሚሰጡ ጠየቅኳቸው።

«አገሬ ብሆን ለነፍሱ ነዳያን አበላ ነበር» አሉኝ። «እዚህ ማን ይቀበለኛል? ቤተ ክርስቲያን ብወስደው ሁሉም ጠግቦ ነው የሚመጣው። የተራቡ ሆነው ያገኘኋቸው እነዚህን ነው።»

ምን ልበላቸው? የላኩኝ እነዚህኑ እንድገድል መሆኑን መናገር ነበረብኝ፤ ነገርኳቸው። ያበዛቸው ዳቦው እንደሆነ፣ የሰውን አበባ እንደሚጨርሱ፣ እኔ እንቢ ብል ሌላ ሰው እንደሚመጣ ሁሉ ነገርኳቸው። በምን እንደምገድል ጠየቁኝ። ጥይቶቹን መዳፌ ላይ ዘርግቼ፣ ሳሙናው ላይ ያየሁትን አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ጠፍጣፋዋን በጣታቸው አገላበጧት።

«ይቺ አታሰቃይም?»

«በቅርብ ከሆነ አታሰቃይም እማማ።»

«እንግዲያው አንተው ግደላቸው። እሱ ላይ ግን ደም እንዳታፈስብኝ።»

ቃል ገባሁላቸው። ዳቦው ከቀረ ጥንቸሎቹ ራሳቸው ይበተናሉ አልኩ። እሳቸው ግን እንባቸው መጣ። ዳቦው ከቀረ እሱ በምን ይታሰባል አሉ።

ከዚያ ከእግር እስከ ራሴ አይተውኝ፣ ቁርስ በልቼ እንደሆነ ጠየቁኝ። እንደ ደንቡ «በልቻለሁ» ማለት ነበረብኝ፤ ለይሉኝታም አቅም አልነበረኝምና አልበላሁም አልኩ። የቀረውን ዳቦ ቆርሰው ዘረጉልኝ።

«እንካ ልጄ፣ ለነፍሱ ብላ።»

ምን ማለት እንደሆነ ገብቶኛል። በመቃብር ቦታ ለነፍስ የተቆረሰ ዳቦ የሚቀበል ነዳይ ነው። እናቴ ልጄ ውጭ አገር ተማረልኝ እያለች በጎረቤት ፊት የምትኮራብኝ ሰውዬ ነኝ። አፈርኩ። ከዚያ ጠመንጃውን ሣሩ ላይ አስተኛሁና በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ነፍስ ይማር ብዬ በላሁ። እሳቸው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ እስክጨርስ ቆመው ጠበቁኝ።

ከዚያ ወዲያ እማማ አስካለ በመጡ ቁጥር ዳቦውን የምበላው እኔ ሆንኩ። የሚጠብቁት ያጡ ጥንቸሎች ከዚያ ጥግ ተበተኑ፤ አጥሩ ዘንድ የቀሩትን በጠፍጣፋዋ ጨረስኳቸው። አለቃዬ ተኩሴን አመሰገነ።

አሁን ሌላ ሥራ አለኝ። ድካሙ ግን አልለቀቀኝም። ያን ጠዋት ሳስብ መጀመሪያ ያፈርኩትን ማፈር አስታውሼ እስቃለሁ። በዚህ አገር ዲግሪዬን የሚፈልግ አንድም ሰው አጥቼ ነበር፤ እማማ አስካለ ግን መራቤን ፈለጉት።