ሳይታጠብ የቀረው ብሩሽ

የወንድሜን የዮናስን የጽሕፈት ብሩሽ ውሃ ውስጥ ስነክረው ጥቁር ለቀቀ። ሳያጥበው ነው ያስቀመጠው። ውሃውን መድፋት አልቻልኩም። ኩባያውን መስኮቱ ጋ አኑሬ ተቀመጥኩ። ደክሞኛል። እሱ ካረፈ ወዲህ ተኝቼም ስነሳ ድካሙ አይለቀኝም።

ሰኞ ለመቃብሩ ድንጋይ የሚቀረጸውን ስም ማስረከብ አለብን። እማዬ የኮምፒውተር ፊደል አልፈለገችም። «እሱ በሚጽፈው ዓይነት ይሁን» አለች። እሱ ደግሞ የጻፈውን ሁሉ ለሰው ሰጥቶ ጨርሷል። አብሮት የተማርኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ የምጽፈው እኔ ነኝ።

ልጆች እያለን ዊተን የምትባል ከተማ ውስጥ አንድ አሮጌ አፓርትመንት ነበር የምንኖረው። ከእኛ በታች ሚስተር ሊን የሚባሉ ቻይናዊ ሽማግሌ ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሎንድሪው አጠገብ ባለችው ክፍል የሕንጻውን ልጆች ሰብስበው በብሩሽ መጻፍ ያስተምሩናል። ክፍሏ ጥቀርሻና የልብስ ሳሙና ትሸት ነበር። ደረቁን የቀለም ቁራጭ ድንጋይ ላይ በውሃ እያሸን ቀለሙን የምናወጣው እኛው ነን። የልብስ ማድረቂያዎቹ ሲዞሩ ጠረጴዛችን ይንቀጠቀጣል። እማዬ «አባባ» ነበር የምትላቸው፤ እሳቸውም «አቤት» ማለት ለምደው ነበር።

ክረምቱን በሙሉ ያስጻፉን ቀስ ተብሎ የሚጻፈውን ነው። ዮናስ አልሰለቸውም። እኔ ግን ግድግዳው ላይ የሰቀሉት፣ የሚሮጥ የሚመስለው ጽሑፍ ነበር ያማረኝ። አንድ ቀን ዝም ብዬ ሞነጫጨርኩና አሳየኋቸው። አልተቆጡም። ከየት እንደመጣ ነገሩን።

ድሮ ድሮ፣ አሉ፣ በአገራቸው የመንግሥት ጸሐፊዎች በጠባብ የቀርከሃና የእንጨት ቁራጮች ላይ ነበር የሚጽፉት። ደንበኛው ጽሑፍ ጊዜ ይፈጃል፤ ሥራው ደግሞ ይከመራል። እጃቸው ሲቸኩል ሁለቱ መስመር አንድ ሆነ፣ ሦስቱ ነጥብ አንድ ጭረት ሆነ። አንድ ሰው ተቀምጦ የፈጠረው አይደለም። መጀመሪያ ላይ ፊደሎቹ ለየብቻቸው ነበር የሚቆሙት፤ አንዱ ሌላውን መሳብ የጀመረው ኋላ ነው። ሰውም እያደር ውበቱን ወደደው። «እነሱ የቸኮሉት ቀስ ብሎ መጻፉን ካወቁ በኋላ ነው» አሉኝና ወረቀቴን መለሱልኝ።

ያን ቀን ዮናስም የሚሮጠውን ጽሑፍ ሞክሮ ነበር፤ ቤት ስንገባ እማዬ የእሱን ወረቀት ዘቅዝቃም አቃንታም አየችው።

«ይሄማ የሐኪም ጽሑፍ ነው። እንግዲህ አንዳችሁ ሐኪም መሆናችሁ አይቀርም።»

«ማሚ፣ ፋስት ነው እንጂ ሜሲ አይደለም» አላት ዮናስ፣ የፈጠነ እንጂ የተዝረከረከ አይደለም ለማለት።

ከዚያ በኋላ ስማችንን በአማርኛ እንዲያ ይጽፈው ጀመር። እያንዳንዱን ፊደል ብሩሹን ሳያነሳ ይጨርሰዋል፤ ፊደሎቹ ግን አይነካኩም። የመጀመሪያዎቹ ጸሐፊዎች ያደርጉት እንደነበረው። እኔ መስመሬ ሲሳሳብኝ ተመልሼ ላወፍረው እሞክራለሁ። ያኔ የሚስተር ሊን እጅ መጥታ አንጓዬ ላይ ታርፋለች። የተጻፈ አይነካም። ሌላ ወረቀት ይወሰዳል እንጂ አይጠገንም። እጃቸው ቀላልና ቀዝቃዛ ነበረች።

ዛሬ ቀለሙን ያሸሁት በዚያው በኩባያው ውሃ ነው። ብዙ ወረቀት አበላሸሁ። በመጨረሻ «ዮናስ» ብዬ፣ ሦስቱን ፊደል ለየብቻቸው፣ ጻፍኩ። የመጨረሻው ፊደል እግር ጋ ስደርስ ቀለሙ አለቀና ነጭ ነጭ ጥሎ ወረደ። አዲስ ቀለም ላሽ ብል የኩባያው ውሃ አልቋል።

አባዬ ከሥራ ገብቶ ጃኬቱን ሳያወልቅ አየው።

«እዚህ ጋ ሳስቷል። ትንሽ ድገምበት፣ ልጄ። ድንጋይ ላይ ነው የሚቀረጸው።»

ብሩሹን አነሳሁ። አንጓዬ ላይ የሚያርፍ እጅ የጠበቅኩ ይመስለኛል። ሚስተር ሊን ከሞቱ ቆይተዋል። ያኔ የሚይዘኝ ሰው ነበር፣ ከጎኔም ዮናስ በሹክሹክታ ይስቅብኝ ነበር። አሁን እጄን ራሴ መለስኩ።

«አይደገምም፣ አባዬ።»

እማዬ መጥታ ወረቀቱን በሁለት እጇ ያዘችው። ዘቅዝቃ አላየችውም።

«የሐኪም ጽሑፍ» አለች ቀስ ብላ። «እንዲሁ ይሂድ።»

አባዬ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እኔ ብሩሹን ላጥበው ተነሳሁ። ቧንቧው ጋ ደርሼ ትንሽ ቆምኩና፣ ሳላጥበው ተመልሼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።