አምስት ጊዜ ተመልሶ የመጣው ሰውዬ

ልጅ ሳለሁ፣ ይጁቤ በነበረው ቤታችን፣ በር ሲንኳኳ ሰውነቴ ውሃ ይሆን ነበር። ጥፋቱ የእናቴ ታናሽ ወንድም የይልማ ነው። ደብረ ማርቆስ ሹፌር ሆኖ ሲሠራ አሮጌ ቴሌቪዥንና የሲዲ ማጫወቻ ገዝቶ አመጣልን፤ አብሮም አንድ የድሮ የፈረንጅ አስፈሪ ፊልም፣ ከክፍል አንድ እስከ ክፍል አምስት ባንድ ካርቶን ታሽጎ። የመጀመሪያው ክፍል ጥቁርና ነጭ ነበር፤ የኋለኞቹ ባለ ቀለም። ሌላ ስላልነበረን አራቱን ክፍሎች ደጋግመን አየን፤ አምስተኛውን ይልማ «ለመጨረሻ ይቆየን» ብሎ አስቀመጠው።

ባሕር በልቶት ሬሳው ያልተገኘ አንድ ዓሣ አጥማጅ፣ ውሃ እያንጠባጠበ ወደ ቤቱ ይመጣና በሩን ያንኳኳል። በየክፍሉ መጨረሻ ያጠፉታል፤ በሚቀጥለው ክፍል ደግሞ ከች ይላል።

እንግሊዝኛ የሚሰማ ሰው ቤታችን አልነበረም። ታሪኩን የሚተርኩልን አያቴ፣ የእናቴ አባት ነበሩ፤ አባባ እንላቸዋለን። ስንት ዓመት ድጓ ያስተማሩ መሪጌታ ናቸው፤ ያኔ ግን ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖት ብርሃኑን እንጂ ምስሉን አያዩም። መጀመሪያ ቀን «የሰይጣን ዕቃ!» ብለው አማተቡ። በሁለተኛው ቀን ወንበራቸውን አስጠጉ። እኔ እግራቸው ሥር ተቀምጬ የማየውን እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸው ምክንያቱን ይነግሩኛል።

«አሁንስ ምን አደረገ?»

«በሩ ላይ ቆመ፣ አባባ። ልብሱ በስብሷል።»

«ታዲያ የት ይሂድ? ፍትሐት ሳይደረግለት! ይሄን ያህል ሲመላለስ አንድ ቄስ ይጠፋል? ምን ዓይነት ጉዶች ናቸው እባካችሁ!»

ይልማ በሳቅ ይንከተከታል። እኔ ግን አልስቅም። አባቴ በዚያው ዓመት ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ አልተመለሰማ! አብረውት የወረዱት ሰዎች «ወባ ጣለው፤ እዚያው ቀበርነው» ብለው መርዶ ይዘው መጡ። እናቴ አልቀበልም አለች። «መቃብሩን ሳላይ አላለቅስም» ብላ ነጠላዋን እንኳ ሳታዘቀዝቅ ከረመች። ለቅሶ የለ፣ ፍትሐት የለ፣ ተዝካር የለ። አባባ ለምነው ለምነው ደከሙ።

እንግዲህ የኔን ጭንቀት አስቡት። አባቴ በሕይወት ካለ ይመጣል። ሞቶም ከሆነ፣ ፍትሐት አልተደረገለትምና፣ እንደ ሰውዬው ይመጣል። ያኔ ውሻ በጮኸ ቁጥር የትኛው አባቴ ይሆን እያልኩ እናቴ ጎን እለጠፋለሁ፤ ባንድ አፌ እንዳይመጣ እየጸለይኩ፣ በዚያው አፌ ምነው በመጣ እላለሁ። የገዛ አባቴን፣ እንደዚያ የምወደውን ሰው፣ ፈራሁት።

አንድ ምሽት እራት በልተን ክፍል አምስትን ለመጀመሪያ ጊዜ እያየን ነበር። ሰውዬው አንኳኳ፤ ሚስቱ ከውስጥ ሆና እጇን ወደ መቀርቀሪያው ስትዘረጋ መብራት ድርግም አለ። የምድጃው ፍም ብቻ ቀረ። ይልማ እየተራገመ ኩራዝ ሊፈልግ ተነሣ። ጥግ ላይ ጥጥ ስትፈትል የነበረችው እናቴ እጇን አቆመች።

«ከፈተችለት፣ አባባ?» አልኩ።

አባባ ቁጡ ሰው ነበሩ፤ ያን ዕለት ግን ቀስ ብለው ነው የተናገሩት። «ከፈተችለት እንጂ። ባሏ አይደል? ብርድ ላይ ቆሞ የከረመው ሊያስደነግጣት መሰለሽ? እንድታሰናብተው ነው። እሱ እኮ እዚያም የለ፣ እዚህም የለ። እያየችው ‹ደክሞሃል። እኔና ልጅህ አለን፤ ሂድና ዕረፍ› አለችው። ሄደ።»

ከዚያ እንዝርቱ መሬት ሲወድቅ ሰማሁ፤ እናቴም «ወይኔ ጥላዬ! ወይኔ አለኝታዬ!» ብላ ጮኸች። ጎረቤቱ ባትሪውን እያበራ ግልብጥ ብሎ መጣ። አባቴ ያን ሰዓት የሞተ ይመስል ደረት ተደቃ፤ ይልማ ኩራዙን እንደያዘ ይንሰቀሰቃል። እኔ ብቻ ሳላለቅስ ቀረሁ።

በማግስቱ አባባን እየመራሁ ቤተ ክርስቲያን ሄድን፤ ፍትሐቱ ሊደረግ። «አባባ፣ መብራቱ ጠፍቶ እንዴት አወቁ?» ብላቸው «ዝም ብለሽ ምሪኝ፤ እንቅፋት ይመታኛል» አሉኝ።

ከዚያ ምሽት ወዲህ ቴሌቪዥኑ ቤታችን አልተከፈተም። ካደግሁ በኋላ፣ እንግሊዝኛውንም እንደ ነገሩ ከለመድኩ በኋላ፣ ያን ፊልም ፈልጌ ጨረስኩት። ሴትየዋ በሩን አልከፈተችም። በጓሮ አምልጣ ቤቱን ከነሰውዬው አቃጠለችው። ተናደድኩባት። እኔ እስከ ዛሬ የማምነው የአባባን ነው።

እኔማ ከፍትሐቱ በኋላ በር ሲንኳኳ መደንገጥ ተውኩ። «እሰይ፣ ልጅቷ ዳነች!» ተባለ። ከለቅሶው ብዙ ቆይቶ አንድ አመሻሽ ላይ በሩ ሲንኳኳ «ማነው?» ሳልል ሮጬ ከፈትኩ። ጎረቤታችን እሳት ልትጭር መጥታ ነው። እሷን አስገብቼ፣ መቀርቀሪያውን እንደያዝኩ፣ አልቅሼ አልወጣልሽ አለኝ። ስፈራ ሳለሁ የሚመጣ አባት ነበረኝ።